የሐር ትል ቆዳውን ሲለውጥ አንጀቱ ምን ይሠራል?

በየዓመቱ ከፑሪም በዓል እስከ ሻቩዖት ባሉት ሳምንታት በብዙ ቤተሰቦቻችን ቤት አንድ የጫማ ካርቶን ይገባል። ካርቶኑን ይዞ የሚመጣው ከጋን ወይም ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ነው። በውስጡም የቱት ቅጠል የሚበሉ ትሎች አሉ። በዕብራይስጥ ቶላዓት መሺ ይባላሉ፤ እኛ የሐር ትል እንላቸዋለን። በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር ላደገ ወላጅ ትልን ቤት ውስጥ መቀለብ እንግዳ ነገር ነው። ትልን የምናውቀው ጎመን ሲበሳ ወይም እህል ሲያበላሽ ነውና።

ችግሩ የሚመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ሌት ተቀን ሲበሉ የነበሩት ትሎች ድንገት መብላት ያቆማሉ። ከደረታቸው ቀና ብለው፣ ራሳቸውን ወደ ላይ አንስተው ድርቅ ይላሉ። ቅጠል ቢቀርብላቸው ዞር ብለው አያዩትም። ይህን ጊዜ እናት ወይም አያት ሞተዋል ብለው ካርቶኑን ከነቅጠሉ ወደ ቆሻሻ ይጥሉታል፤ ልጁ ሲመለስ ለቅሶ ነው። ለልጁ የሚሰጠው መልስም ብዙውን ጊዜ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋነኔቷን ጠይቃት» የሚል ይሆናል።

ውድ ወላጆች፣ ትሎቹ አልሞቱም። ቆዳቸውን እየለወጡ ነው። ጋነኔቷ ለልጆቹ የምትነግራቸውም እስከዚህ ድረስ ነው። እኛ ግን ትንሽ ጠለቅ ብለን፣ በዚያች አንድ ቀን ውስጥ በትሉ ሰውነት የሚካሄደውን፣ በተለይም አንጀቱ አንድን ሆርሞን እንዴት አድርጎ እንደሚያጠፋ ልናስረዳችሁ እንወዳለን። ትሉ ከአሮጌ ቆዳው በሕይወት መውጣት አለመውጣቱን የሚወስነው ይህ የማጥፋት ሥራ ነውና።

በመጀመሪያ የሚታየውን እንናገር። የሐር ትል ከእንቁላል ሲፈለፈል ጥቁርና ከጉንዳን ያነሰ ነው። በትልነት ዘመኑ 4 ጊዜ ቆዳ ይለውጣል፤ ስለዚህ 5 ዕድሜዎች አሉት ማለት ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ከመፈልፈል አንስቶ ሐሩን መፍተል እስኪጀምር ከ25 እስከ 28 ቀን ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክብደቱ ወደ 10,000 እጥፍ ያድጋል። የእኛ ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል 800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች የጸደይ ሌሊቷ ብርድ ነው። ትል ደግሞ የራሱ ሙቀት የለውም። ስለዚህ በቴል አቪቭ በአንድ ቀን የሚያልቅ የቆዳ ለውጥ በኪርያት ምናሔም ወይም በኔቬ ያዕቆብ በረንዳ ላይ ለተቀመጠ ካርቶን ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል። የቱት ዛፉም ቢሆን በኢየሩሳሌም ዘግይቶ ነው የሚያቆጠቁጠው። ከሪሾን ወይም ከረሖቮት ያለ ዘመድ ትሎቼ አድገዋል ቢላችሁ እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም።

ቆዳ መለወጥ ለምን አስፈለገ? የእኛ ቆዳ ከእኛ ጋር ያድጋል። የትል ቆዳ ግን እንደ ልብስ ነው፤ ተለክቶ የተሰፋ፣ ከተወሰነ በላይ የማይለጠጥ። ልጅ ሲያድግ ጫማው እንደሚጠበው ሁሉ ትሉንም ቆዳው ይጠበዋል። ልዩነቱ ትሉ አሮጌውን ከማውለቁ በፊት አዲሱን ከሥር መሥራት ያለበት መሆኑ ነው። አዲሱ ቆዳ ከአሮጌው ሥር ተጨማዶና ተጣጥፎ ይሠራል፤ አሮጌው ሲወልቅ ይዘረጋል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ከትሉ ራስ ኋላ አንድ ፈዘዝ ያለ ቦታ ታያላችሁ። እሱ አዲሱ ራስ ነው። ከፊት ያለችው ትንሿ ቡናማ ቆብ ደግሞ በመጨረሻ የምትወድቀው አሮጌ ራስ ናት። ትሉ ከመተኛቱ በፊት ጥቂት የሐር ክር ይፈትልና እግሮቹን ከቅጠሉ ወይም ከካርቶኑ ጋር ያስራል። ይህም አሮጌው ቆዳ ተይዞ እንዲቀርና እሱ ተስቦ እንዲወጣ ነው። ስለዚህ የተኛን ትል ከቦታው ማንሳት ይህን ማሰሪያ መበጠስ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያዝ ምንድን ነው? ጥያቄውን በሐር ትል ላይ ከመለሱት ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው ሶይቺ ፉኩዳ ነው። በ1940 በትሉ ደረት ውስጥ ያለ አንድ ዕጢ ቆዳ የመለወጥን ትእዛዝ የሚሰጥ ሆርሞን እንደሚያመነጭ አሳየ። ሆርሞኑ ራሱ ተነጥሮ የወጣው ግን በ1954 ነው። ጀርመኖቹ አዶልፍ ቡተናንትና ፔተር ካርልሶን 500 ኪሎ ግራም የሐር ትል ሙሽሬ፣ ማለትም ትሉ በሐር ቤቱ ውስጥ ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት የሚሆነውን፣ በዕብራይስጥ ጎሌም የሚባለውን ሰብስበው ጨመቁ። ከ500 ኪሎው ያገኙት 25 ሚሊግራም ነበር። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጫፍ የሚያልቅ ማለት ነው! ስሙንም ኤክዳይሰን አሉት። አስቡት፣ ይህን ያህል ጥቂት ነገር ነው ትሉን በሙሉ የሚያዘው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ትሉ በቂ ሲያድግ አንጎሉ ለደረቱ ዕጢ መልእክት ይልካል። ዕጢውም ኤክዳይሰንን ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል። ከዚያ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ኤክዳይሰኑን ጥቂት ለውጠው በእውነት ኃይል ወዳለው ሆርሞን ይቀይሩታል። ሆርሞኑ የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የሰው ጉበት ኮሌስትሮልን ራሱ ይሠራል፤ ሐኪሞቻችን በኩፓት ሆሊም በየጊዜው የሚያስጠነቅቁንም ከልክ በላይ እንዳይሆን ነው። ትል ግን ኮሌስትሮልን መሥራት ፈጽሞ አይችልም። በቅጠሉ ውስጥ ያለውን የተክል ስብ መሰል ነገር አንጀቱ ተቀብሎ ወደ ኮሌስትሮል ይለውጠዋል። እንግዲህ ትእዛዙን የሚያወጣው ዕጢ ቢሆንም ጥሬ ዕቃው የሚገባው በአንጀት በኩል ነው። የቱት ቅጠል ያላገኘ ትል ሐር ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ቆዳ የመለወጥ ትእዛዝ የሚጻፍበትንም ብራና ያጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣን። ብዙ ሰው ሆርሞን ከመጣ ሥራው አለቀ ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። በአገራችን ነጋሪት ሲጎሰም ሰው እርሻውንም ገበያውንም ትቶ አዋጁን ለመስማት ይሰበሰብ ነበር። ነጋሪቱ ሳያቋርጥ ቢጎሰም ግን ማን ወደ እርሻው ይመለሳል? የትሉ ሆርሞንም እንዲሁ ነው። ሲወጣ የትሉ ቆዳ ሕዋሳት ከአሮጌው ቆዳ ይላቀቃሉ፤ አዲሱንም መሥራት ይጀምራሉ። ነገር ግን አዲሱ ቆዳ ተሠርቶ የሚያልቀውና ትሉም አሮጌውን ገፎ እንዲወጣ የመጨረሻው ምልክት የሚሰጠው ሆርሞኑ ሲወርድ ብቻ ነው። ሆርሞኑ ከፍ ብሎ ከቆየ ትሉ በሁለት ቆዳ መካከል ተቀርቅሮ ይቀራል።

ይህ ግምት አይደለም። ተመራማሪዎች የትምባሆ ትል በሚባለው የሐር ትል ዘመድ ላይ፣ ሆርሞኑ ሊወርድ በተቃረበበት ሰዓት ተጨማሪ ሆርሞን ወግተው አይተዋል። የወጉት መጠን በጨመረ ቁጥር ነፍሳቱ ከአሮጌ ቆዳቸው የሚወጡበት ሰዓት ራቀ። በ2010 ደግሞ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ በተደረገ ጥናት ሆርሞኑን የሚያፈርሰውን አንድ ኢንዛይም ከሰውነቷ ሲያጠፉ፣ ዝንቧ ከትልነት ወደ ሙሉ ዝንብነት የምታደርገውን ለውጥ ሳትጨርስ ሞተች። ሆርሞን ማጣት እንደሚገድል ከድሮም ይታወቅ ነበር። ሆርሞንን በጊዜው አለማጥፋትም እንደሚገድል የተረጋገጠው እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

በሐር ትል ይህን የማጥፋት ሥራ ከሚሠሩት ዋናው መካከለኛው አንጀት ነው። ብቻውን ነው ማለታችን አይደለም፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ግን እሱ ነው። አሠራሩ ሁለት ደረጃ አለው። ሆርሞኑን እንደ ቁልፍ አስቡት። በቆዳው ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ለዚህ ቁልፍ የተሠራ ጓጉንቸር አለ። በመጀመሪያው ደረጃ ኤክዳይሰን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ከቁልፉ ጥርሶች አንዷን ይሞርዳታል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚመለስ ነው፤ በትሉ ደም ውስጥ ያችን ጥርስ መልሶ የሚያስተካክል ሌላ ኢንዛይም አለና። በሁለተኛው ደረጃ ግን የአንጀቱ ሌላ ኢንዛይም ጥርሷን መልሶ ያወጣታል፣ ነገር ግን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ጠምዝዞ። ቁልፉ አሁን ሲያዩት የበፊቱን ይመስላል፤ ጓጉንቸሩን ግን በደንብ አይከፍትም። ወደ ኋላም አይመለስም። የተበላሸው ሆርሞን በመጨረሻ ከእዳሪ ጋር ከሰውነት ይወጣል። ልጆቻችን ከካርቶኑ ሥር የሚጠርጉት ጥቁር ፍርፋሪ የቅጠል ትርፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ያለቀ ትእዛዝም አለበት።

የሰው አካልም ቢሆን ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለም። ኮርቲዞልን፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖችን ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ በአብዛኛው ጉበታችን ያፈርሳቸዋል፤ ከዚያ በሽንት ይወጣሉ። ጉበቱ ክፉኛ በተጎዳ ሰው ላይ የሆርሞን መዛባት የሚታየው ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው።

አንድ አንባቢ ትሉ በዚያ ጊዜ ምንም ስለማይበላ አንጀቱ ሥራ ፈት አይደለም ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ትሉ ከመተኛቱ በፊት አንጀቱን ባዶ ያደርጋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ሰዓት አንጀቱም ራሱን እያደሰ ነው። አዳዲስ ሕዋሳት ተከፋፍለው ከነባሮቹ መካከል ይገባሉ፤ ለሚቀጥለው ዕድሜ ለሚመጣው ብዙ ቅጠል ሰፋ ብሎ ይዘጋጃል። ከውጭ ሲታይ ድርቅ ያለው ትል በውስጡ ቆዳ ይሠፋል፣ አንጀት ያሰፋል፣ ሆርሞን ያፈርሳል። በሰንበት ዋዜማ ቤት ስታዘጋጅ ከምትውል እናት አይተናነስም።

ይህ ሚዛን ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ የሚያሳየን የትሉ ጠላቶችም ያወቁት መሆኑ ነው። በ1989 ዴቪድ ኦራይሊና ሎይስ ሚለር የተባሉ ሳይንቲስቶች የእሳት እራትና የቢራቢሮ ትሎችን የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ የቆዳ ለውጥ ሆርሞንን የሚያሰናክል ኢንዛይም እንደሚሠራ አስታወቁ። ቫይረሱ ሆርሞኑ ላይ ስኳር ይለጥፍበታል፤ ትእዛዙም ሳይሰማ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የታመመው ትል ቆዳ ለመለወጥ አያርፍም፤ መብላቱን ይቀጥላል፣ ይወፍራል፣ ቫይረሱም በሰፊው ቤት ይራባል። ትሉ ራሱ በትክክለኛው ሰዓት የሚያደርገውን ሌባው ያለ ሰዓቱ ያደርገዋል ማለት ነው። የዚህ ቫይረስ ዘመድ የሐር ትልንም ያጠቃል። ጓደኞቹ ሁሉ ተኝተው እሱ ብቻ የሚንከራተት፣ ያበጠ፣ ቢጫ የመሰለና ሲነካ ወተት የመሰለ ፈሳሽ የሚወጣው ትል ካያችሁ ከካርቶኑ አውጡት፤ ሌሎቹን ይበክላል። ለሰው ግን አይተላለፍም።

የሰው ልጅም ይህን ዕውቀት ለራሱ አውሎታል። በ1990ዎቹ ቴቡፌኖዛይድ የሚባል ጸረ ተባይ ገበያ ላይ ወጣ። ይህ ኬሚካል የቆዳ ለውጥ ሆርሞኑን ሥራ አስመስሎ ይሠራል፤ የትሉ አንጀት ግን እንደ ራሱ ሆርሞን በቶሎ አፍርሶ ሊያስወግደው አይችልም። ትሉ ያለ ጊዜው መብላት ያቆማል፣ አዲስ ቆዳ መሥራት ይጀምራል፣ ነጋሪቱ ግን አይቆምም። በዚያው ይሞታል። ለገበሬው ጥሩ ነው፤ ለልጃችሁ ካርቶን ግን አደጋ ነው። ስለዚህ ቅጠል ስትለቅሙ መድኃኒት በተረጨ የአትክልት ቦታ አጠገብ ካለ ዛፍ አትውሰዱ። ከመንገድ ዳር የለቀማችሁትን አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ስጧቸው። እርጥብ ቅጠልም ለበሽታ ይዳርጋቸዋል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለን። ቅጠል ሲጠፋ በማቀዝቀዣ ያለውን ስፒናች፣ በዕብራይስጥ ቴሬድ የሚባለውን እንስጣቸው የሚሉ አሉ። ስፒናች ግን ይህንኑ የቆዳ ለውጥ ሆርሞን በቅጠሉ ውስጥ የሚሠራ ተክል ነው፤ ሰውን ምንም አያደርግም፣ ከተባይ ራሱን የሚከላከልበት ነው ተብሎ ይታሰባል። ለሐር ትል የሚሆን ምግብ አይደለም። በሕንድ አገር የሐር ገበሬዎች ከተክል የወጣ ተመሳሳይ ሆርሞን በጥቂቱ በቅጠል ላይ ይረጫሉ፤ ያን የሚያደርጉት ግን በመጨረሻው ዕድሜ ላይ ትሎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ሐር መፍተል እንዲጀምሩ ነው። በትንንሾቹ ላይ ያው ነገር ጉዳት ነው።

ቱት ለሚለው ቃል በኢትዮጵያ ያሉ የሐር ልማት ባለሙያዎች እንጆሪ ይላሉ፤ ዝምድናውም ከሾላ ጋር ነው። እግረ መንገዳችንን፣ በኢትዮጵያ በብዛት የተስፋፋው ሌላ ዓይነት የሐር ትል፣ ኤሪ የሚባለው ነው። እሱ የሚበላው ምጣድ ለማሰሻ የምናውቀውን የጉሎ ቅጠል ነው። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ጥናት ተደርጎበታል፤ በአዲስ አበባ በ2004 የተቋቋመው ሳባሃር የተባለ ድርጅትም ከዚሁ ክር ጨርቅ ያሠራል። እሱም 4 ጊዜ ቆዳ ይለውጣል። ሸማኔ አባቶቻችን በጎንደር ይህን ትል ቢያገኙት ኖሮ ምን ይሠሩበት እንደነበር መገመት ነው።

በኢየሩሳሌም ቅጠል የሚገኘው በአብዛኛው በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ግቢዎች ነው። ወደ መሀል ከተማ ለሚወርድ ሰው የነቢያት መንገድንና የኢትዮጵያ መንገድን አካባቢ እንጠቁማለን፤ ባለ ድንጋይ አጥር አሮጌ ግቢ የበዛበት ነው። ግቢው የሰው ስለሆነ አስፈቅዱ። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀው ክቡ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ዕብራይስጥን መነጋገሪያ ቋንቋ ለማድረግ የታገለው ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት ነው። ልጆቻችን ከጋን የሚያመጡትን ዛሐል፣ ጎሌም፣ ፓርፓር የሚሉትን ቃላት ስንሰማ እኛም በአማርኛ እጭ፣ ሙሽሬ፣ የእሳት እራት እያልን ብንመልስላቸው ሁለቱም ቋንቋ አይጠፋባቸውም። ከዚያው አቅራቢያ በራቭ ኩክ መንገድ በ1940 የነፍሳት ተመራማሪው ፕሮፌሰር አሃሮን ሹሎቭ ጥቂት እንስሳት ሰብስቦ ለሕፃናት ማሳየት ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ ማልሓ ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ እንስሳት ማቆያ የተጀመረው እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ትሎቻችሁ ራሳቸውን ቀና አድርገው ሲደርቁ ቅጠል መጨመር አቁሙ። አትንኳቸው፣ አታንቀሳቅሷቸው፣ ካርቶኑን ፀሐይና ብርድ ከማይመታው ቦታ ተዉት። ከወጡ በኋላም ወዲያው አይበሉም። አዲሱ ቆዳና አፋቸው እስኪጠነክር ጥቂት ሰዓት ያርፋሉ፤ አብዛኞቹ ነቅተው መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ለጋ ቅጠል ስጧቸው። የተጣለውን ቆዳ ለልጁ አሳዩት፤ የተሸበሸበ ስስ ነገር ነው፣ ትንሿ ቡናማ ቆብም አጠገቡ ወድቃ ትገኛለች። እንደዚህ 4 ጊዜ ቁጠሩ።

ከአራተኛው በኋላ ትሉ አንድ ሳምንት ገደማ እንደ ጉድ ይበላል፤ በካርቶኑ ላይ ጆሮ ቢያስጠጉ ዝናብ በቅጠል ላይ ሲወርድ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ሲያቆም ለአምስተኛ ቆዳ እንዳይመስላችሁ። ትል ሆኖ እንዲቆይ ያደርገው የነበረው ሌላው ሆርሞን በዚያን ጊዜ ጠፍቷል። ስለዚህ ኤክዳይሰን ሲመጣ ትሉ የሚያገኘው ትእዛዝ ሙሽሬ ሁን የሚል ነው። ያኔ የካርቶን ጥግ ወይም ባዶ የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል ስጡት፤ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር የሚደርስ አንድ ወጥ ክር ይፈትልበታል። ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ ነጭ የእሳት እራት ይወጣል፤ አይበላም፣ አይበርም፣ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። እንቁላሎቹ መጀመሪያ ቢጫ ናቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ግራጫ ከዞሩ ሕይወት አላቸውና በትንሽ ሣጥን አድርጋችሁ ክረምት ሲመጣ በማቀዝቀዣው ታችኛ ክፍል አስቀምጧቸው፤ የምታወጧቸው ግን በሰፈራችሁ ያለው ቱት ቅጠል ማውጣቱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ይሁን።